የእማማ አስካለች ድምፅ

የግቢው በር ተንኳኳ፤ ወዲያው ደግሞ ተደበደበ። እማማ አስካለች ጸሎት ላይ ነበሩ፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ከአቃቂ ወንዝ የተነሳው ጉም አጥሩን ተሻግሮ ገብቶ የጎመኑን መደብ፣ የውሃውን በርሜል፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ አለባብሶ ተኝቷል። የገዛ ግቢያቸው ሰው በእንቅልፉ የሚያየው ግቢ መስሏል። በዚህ ሰዓት በር የሚመታ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን እሳቸው ያውቃሉ። ወተት አመላላሹ ይጣራል እንጂ አይደበድብም።

"ጉዲሳን!" አሉ ደረታቸውን ይዘው። "ልጄን!"

ጉዲሳ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ትናንት ከሰዓት ሚሌ ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እማማ አስካለች ጫማቸውን ግራና ቀኙን አዛውረው ተጫምተው፣ እየተደናቀፉ ደርሰው መቀርቀሪያውን ሳቡት።

ከጉሙ ውስጥ ሁለት ልጆች ብቅ አሉ። ዚያድና ሐናን ናቸው፤ ከልጅ ልጃቸው ከየአብስራ ጋር የሚሠሩ። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ሦስቱ ተጎልተው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ሲቀጠቅጡ የሚውሉ ፕሮግራመሮች። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ሳቃቸው ነው ቀድሟቸው የሚገባው። ዛሬ ዚያድ አንገቱን ደፍቷል፤ የሐናን ዓይን ቀልቷል።

"እንዴት አደሩ እማማ? የአብስራ አለች?"

"ንገሩኝ። ቁርጡን ንገሩኝ። የት ላይ ነው የተገለበጠው?"

"ምኑ?"

"መኪናው ነዋ! ብቻችሁን ነው የላኳችሁ? ሽማግሌ እንኳ ጠፋ?"

ሁለቱ ተያዩ። ቀድሞ የገባት ሐናን ናት፤ ክንዳቸውን አፈፍ አድርጋ ያዘቻቸው። "ኧረ እማማ! ማንም አልሞተም! ጋሽ ጉዲሳ ደህና ናቸው። እኛ የመጣነው ለሥራ ነው።"

"ወላሂ ማንም አልሞተም" አለ ዚያድም። "አንድ ኩባንያ ደንቡን ቀይሮ ነው።"

እማማ አስካለች የበሩን እንጨት ተደግፈው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ቁጣው መጣ።

"ደንብ? ደንብ ተቀየረ ብላችሁ ነው በዚህ ጎህ የእናት በር የምትደበድቡት? እናንተ ልጆች እናት የላችሁም? ነፍሴን እኮ ከሚሌ መለሳችሁት!"

"ስንደውል አደርን፣ እማማ። አላነሳ አለች።"

"አታነሳማ። ስልኳ እኔ ጋ ነው።"

ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ያለ ምክንያትም አልወጣም። ባለፈው ክረምት የአብስራ ለአንድ የውጭ ድርጅት ከቤቷ ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሳሪስ ስትመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው ከሰው ተጣብቆ ቆሞ ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ። ከዛሬ ጀምሮ አንፈልግሽም የሚል አጭር መልእክት ነው። ልጅቷ ዝናብ እየመታት ቤት ገባች፤ ሳትበላ ተኛች፤ ሳትናገር ተነሳች። ዓይኗን ገልጣ ግድግዳ እያየች ክረምቱ አለፈ። አባቷ መንገድ ላይ ነው፤ እናቷ ገና ሕፃን ሳለች ነው ያረፈችው። እማማ አስካለች ናቸው ሾርባ በማንኪያ ያጎረሷት፣ ጸበል የወሰዷት፣ ማታ ማታ ትንፋሿን የቆጠሩት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነበር። መርዶ እንኳ ወግ አለው። ሰው ሞቶ ዘመዱ ሳይሰማ ሲቀር ጎረቤት ይመካከራል። ሲነጋጋ ይኬዳል። ማምሻውን እህል መቅመሱ ይጠየቃል። አንዱ ከጎኑ ይቀመጣል፤ አንዱ ከኋላው ይቆማል፤ ሽማግሌ ነው የሚናገረው። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይኖራል። ይህን የመሰለ ወግ ባለበት አገር፣ ልጃቸው መርዶዋን ብቻዋን፣ ቆማ፣ በባዶ ሆዷ ከስልክ መስታወት ላይ አነበበች! "ካሁን ወዲያ" አሉ ስትድን፣ "በዚህ ቤት ክፉ ወሬ በስልክ አይገባም።" ከዚያን ቀን ጀምሮ የየአብስራ ስልክ ሲመሽ የሚያድረው እሳቸው ትራስ ሥር ነው። እሷም ስቃ ተስማማች፤ ስልኩ ሲርቃት እንቅልፏ እንደሚቀርባት አየችው።

ዛሬ ስልኩ እንደታፈነ ንብ ሲያጉረመርም ነው ያደረው። እማማ አስካለች ግን "ይንጋለት" ብለው ትራሱን ተጭነውት ተኙ።

"በሉ ግቡ" አሉ አሁን። "ቀስ ብላችሁ። ልጄ ሰሞኑን በሥራ ብዛት ዓይኗን አልከደነችም፤ ትናንት ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ከቀሰቀሳችኋት ከእናንተ ጋር አበቃሁ።"

ሰርቪሷ ውስጥ ገብተው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። እማማ አስካለች ልባቸው አላስችል ብሎ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ፤ አንድ ዓይናቸው ልጅቷ በተኛችበት መስኮት ላይ ነው።

"አስረዱኝ እስቲ። ማነው ደንብ የቀየረው?"

ዚያድ ጎንበስ አለ። "የእኛን አፕ ያውቁታል አይደል? አውቶቡስ ላይ ፌርማታ የሚጠራውን?"

"ያውቁታል ይለኛል እንዴ! እኔ አይደለሁም የምጠራው?"

እውነት ነው፤ እሳቸው ናቸው። የአብስራ ከቃሊቲ እስከ ኮዬ ፈጬ ያሉትን ፌርማታዎች ስም አንድ በአንድ አስብላቸው ቀድታ ወስዳለች። ስም ብቻ በሉ ተብለው ሳለ እሳቸው አላቆሙም ነበር። "ቱሉ ዲምቱ። መኪናው ሳይቆም አይውረዱ፤ ኪስዎንም ይጠብቁ" ብለዋል። "ሕፃን የያዛችሁ ልብስ ደርቡለት፤ እዚህ ነፋስ አለ አሉ" ብለዋል። ልጆቹ ሊቆርጡት ፈልገው ሲያሰሙት ተሳፋሪው ወደደው። ዓይናቸው የማያይ ሰዎችማ ያለ እሱ አንሄድም አሉ።

"ድምፅዎ የተቀመጠው እኛ ጋ አይደለም" አለ ዚያድ። "ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ነው። ትናንት ማታ ምን አሉ፦ እኛ ጋ የተቀመጠ ድምፅ ሁሉ ካሁን በኋላ ማሽናችንን እናስተምርበታለን። የማይፈልግ እስከ ነገ ቀትር ያውጣ። ነገ ያሉት ዛሬ ነው።"

"ማሽኑ ተምሮ ምን ይሆናል?"

"በእርስዎ ድምፅ ያላሉትን ይናገራል።"

እማማ አስካለች አማተቡ። ሐናን ቀና ብላ አየችውና ተቆጣች። "አታስፈራራቸው እንጂ! ምናልባት ነው። በሚሊዮን ድምፅ መሃል የእሳቸውን ማን ለይቶ ያገኘዋል? አሁን ካወጣነው ግን አፑ ዛሬውኑ ዲዳ ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።"

"ሌባ ቤትሽ ገብቶ፣ ብዙ ቤት ስለዘረፈ የኔ አይታወቅም ትያለሽ?"

"ፈርመን የገባነው እኛ ነን፣ ዚያዴ። በነፃ ነው ሲሉን ዘለን ገባን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!"

"ሌላውስ ሰው ምን ይላል?" አሉ እማማ አስካለች። "እንደናንተ ያለው?"

ሐናን ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። "ይሄው፣ ያለቀሰም የፎከረም አለ። አንዱ 'ሌብነት ነው፣ ሁላችንም እንውጣ' ይላል። ሌላው 'በነፃ ስትጠቀሙ የት ነበራችሁ?' ብሎ መልሶለታል። ከሥር ሰዉ ይሰዳደባል።"

"የት ተሰብስበው ነው የሚሰዳደቡት?"

"በየቤታቸው ሆነው ነው፣ እማማ። ህንድ ያለም አለ፣ ብራዚል ያለም፣ ናይሮቢ ያለም።"

"ታዲያ መሃል የሚገባ ሽማግሌ የላቸውም?"

ዚያድ ሳያስበው ሳቀ። "እሱ ነው የጠፋው።"

"በሉ እናንተ አውጡት ወይ ተዉት፤ ልጄ ትተኛ።"

"አንችልም። ሁለታችን አልተስማማንም፤ ብንስማማም አካውንቱ በየአብስራ ስም ነው። የሚከፈተው በእሷ ስልክ፣ በእሷ ጣት ነው።" ዚያድ ሊሞክራቸው አስቦ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ። "እርግጥ... ስልኩ እርስዎ ጋ አለ። ተኝታ እያለች ጣቷን ቀስ አድርገን ብናስነካው..."

እማማ አስካለች ከበርጩማው ተነሱ።

"አንተ ልጅ! የተኛ ሰው ጣት? አባቷ ስለሌለ ነው? አያቷ ጀቤሳ ያልተነበበለት ወረቀት ላይ ጣቱን አስነክተውት፣ ይኸው ከዚያ ሁሉ እርሻ ይቺ ግቢ ብቻ ቀረች። እሱ እንኳ ያኔ ነቅቶ ነበር!"

"አፉ በሉኝ እማማ፣ ቀልዴን ነው።"

"ቀልድህ ይራቀኝ።"

ጉሙ እየሳሳ ነበር። ፀሐይዋ የሞቀ ወተት መስላ ጉሙ ውስጥ ፈሰሰች፤ ከሩቅ ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል። እማማ አስካለች መስኮቱ ሥር ቆመው የልጅቷን ትንፋሽ አዳመጡ። ወጥቶ ይገባል፤ ወጥቶ ይገባል። እንዲህ ቆመው ሲያዳምጡ ሐሳብ ይዟቸው ሄደ። ድምፃቸውን አዩት፤ ድምፅ እንዴት እንደሚታይ እንጃ፣ ግን አዩት። ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ እግር የሌለው፣ በማያውቁት አገር ከመብራት ወደ መብራት ይሄዳል። ሰው በር ያንኳኳል። የማያውቁትን ዕቃ ያሻሽጣል። ከዚያ ደግሞ በሚሌ አሸዋ ላይ፣ መሪ ጨብጦ ለሚያንቀላፋው ጉዲሳ በስልክ ይደውላል፦ "ጉዲሳ፣ እናትህ ነኝ። በግራ በኩል ታጠፍ።" ጉዲሳም የእናቱን ድምፅ መቼ ተጠራጥሮ ያውቃል? መሪውን ያዞራል።

"በስመአብ!" ብለው ነቁ።

ፈርተዋል። ለራሳቸውም፣ ለጉዲሳም። ከሁሉ የከፋው ግን እዚያ ውስጥ የተኛችው ናት። እንደዚያ ክረምት ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ ብትቀርስ? ይህን አፕ የሠራችው ከዚያ ሕመም የተነሳች ሰሞን ነው፤ በእሱ ነው የቆመችው። እንዴት ብለው ይንገሯት? በወጉ ነዋ። ቁርስ ትብላ፣ ሁለቱ ልጆች በግራና በቀኝ ይቀመጡ፣ ሽማግሌ ይምጣ። ወደ አጥሩ ሄደው በጎረቤት በኩል ተጣሩ።

"ጋሽ ሰይፈሥላሴ! እስቲ አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉልኝ!"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በየቀኑ ጠዋት አውቶቡስ ይዘው ቱሉ ዲምቱ ሴት ልጃቸው ሱቅ ይሄዳሉ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አንዱን የስልክ ማዳመጫ ከጆሯቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ።

"አስካለች፣ ምነው ዛሬ ደግሞ በአጥር? ትናንት አውቶቡስ ውስጥ 'ኪስዎን ይጠብቁ' ብለሽ ስትነዘንዢኝ ውለሽ አልበቃሽም?"

"ቀልዱን ይተዉትና ይቀመጡ። መርዶ አለብኝ።"

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ማን?"

"ሰው አይደለም። የየአብስራ ሥራ ነው።"

ዚያድ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳ፤ ሐናን ጣልቃ እየገባች አረመችው። እማማ አስካለች ደግሞ የራሳቸውን ዕቅድ ዘረጉ፦ ልጅቷ በራሷ ጊዜ ትነቃለች፣ ገንፎ ይሠራላታል፣ ከበላች በኋላ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"በየት በኩል ናት ፀሐይዋ?" አሉ።

"ከፍ እያለች ነው።"

"እና ቀትር ላይ ያበቃል ነው የምትሉት?"

"አዎ አባባ" አለ ዚያድ።

"አስካለች፣ እኔ ስንቱን አርድቻለሁ። መርዶ አድሮ ሲነጋ የሚነገረው ለምንድነው? ሟቹ አይቸኩልማ። አንድ ጊዜ ሞቷል፤ ቢዘገይ የሚጎዳው ነገር የለም። የልጅቷ ሥራ ግን ገና አልሞተም፤ እያጣጣረ ነው። ለሚያጣጥር ሰው ዘመዱ በሩጫ ይጠራል እንጂ ቁርስ እስኪበላ ይጠበቃል እንዴ? አንቺ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ድንኳን እየተከልሽ ነው።"

"ብትታመምብኝስ?"

"ልትታመም ትችላለች። ተኝታ ሳለች እንደሄደባት ስታውቅ ግን፣ ከኩባንያው በፊት የምትጠይቀው አንቺን ነው።"

እማማ አስካለች የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ፈቱት። ከዚያ የአብስራ ወደተኛችበት ክፍል ገቡ።

ክፍሉ ውስጥ ከጉሙ የተረፈ ሰማያዊ ብርሃን አለ። የአብስራ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች፤ ልክ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች እንደምትተኛው። ግንባሯ ለስልሷል። እማማ አስካለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለአንድ አፍታ አይተው ጠገቧት። ከዚያ ትከሻዋን ነኩ።

"የአብዬ። ተነሺ።"

ልጅቷ ብትት አለች። "እማዬ? አባቢ ነው?"

"አባትሽ ደህና ነው። ማንም አልሞተም። ያ ድምፄ ያለበት ኩባንያ ደንቡን ቀይሯል፤ እስከ ቀትር ካላወጣሽው ይወስደዋል። ካወጣሽው አውቶቡሱ ዝም ይላል። ዚያድና ሐናን ተጣልተው ውጭ ተቀምጠዋል። ይኸው ስልክሽ።"

በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሱት። እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ልጅቷ ጀርባ ሄዶ ነበር፤ ብትወድቅ ሊይዝ። የአብስራ ግን አልወደቀችም። አነበበች። አንዴ ዓይኗን ጨፈነች። ጸጉሯን በጨርቅ ጠፍራ አስራ ተነሳች።

ሰርቪሷ ውስጥ ሦስቱ ተፋጠጡ። እማማ አስካለች ደጃፉን ሳይለቁ ሰሟቸው፤ ግማሹ አማርኛ ነው፣ ግማሹ አይገባቸውም።

"ወደ ራሳችን ማሽን ብናዞረውስ?" አለች የአብስራ።

"ይቻላል፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል" አለ ዚያድ።

"እስከዚያ ዝም ይላል ማለት ነው" አለች ሐናን። "ሰዉ አራግፎን ይሄዳል፣ የአብ።"

የአብስራ ወደ በሩ ዞረች። "እማዬ፣ ድምፁ ያንቺ ነው። ያኔ ስቀዳው እንኳ በወጉ አልጠየቅሁሽም። አሁን ልጠይቅሽ። ምን ላድርግ?"

እማማ አስካለች እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ጋሽ ሰይፈሥላሴን አዩ፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙረዋል። ልጅቷን አዩ።

"እኔ 'ይጠንቀቁ' ያልኩበት አፍ ሰው እንዲያታልልበት አልፈልግም" አሉ በመጨረሻ። "አውጪው።"

የአብስራ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ቆይታ "ወጣ" አለች። ጭብጨባም ልቅሶም አልነበረም። ሐናን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወንበሯን ወደ የአብስራ ጠጋ አደረገች፤ ዚያድ ሌላ ኮምፒውተር ከቦርሳው አወጣ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ጠቀለሉት። "እንግዲህ እኔ ልንቀሳቀስ። ልጄ ትጠብቀኛለች።"

"እንዴት ይሄዳሉ?" አሉ እማማ አስካለች።

"እንደ ድሮዬ እየጠየቅሁ ነዋ። ሰው ይነግረኛል። አንዳንዴም ያሳስተኛል፤ አንድ ቀን ደረሱ ብለውኝ ገላጣ ሜዳ ላይ አውርደውኛል፤ ከከብት ጋር ነው ያወራሁት።" ሳቁ።

እማማ አስካለች አልሳቁም። ወደ ሰርቪሷ አዩ። ልጅቷ ቁርስ አልበላችም። ከዚያ ክረምት ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር፣ እሷን ትተው ከዚህ በር ወጥተው አያውቁም። ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው እያወሩ ነው፤ የአብስራ አንድ ነገር ስትናገር ሁለቱም ይጽፋሉ።

"የገንፎው ዱቄት ጓዳ ነው ያለው!" ብለው ጮኹ። "ሐናንዬ፣ ሳትበላ እንዳትተያት!"

የጋሽ ሰይፈሥላሴን ክንድ ይዘው፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ነው የደረሱት። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ብረቱን ይዘው ወጡ። እማማ አስካለች ደረጃው ሥር ቆሙ፤ ግቢያቸው ያለበትን አቅጣጫ ዞረው አዩ።

"እማዬ፣ እየሸኙ ነው ወይስ ይገባሉ?" አለ ትኬት ቆራጩ።

"ምን ያስቸኩልሃል!" አሉና ደረጃውን ረገጡ።

ተሳፋሪዎች ተነስተው ወንበር ለቀቁላቸው። ከጋሽ ሰይፈሥላሴ አጠገብ ተቀመጡና፣ በመስኮቱ በኩል ደብተር ታቅፋ የተቀመጠችውን ተማሪ በክርናቸው ነካ አደረጓት።

"ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ የፌርማታዎቹን ስም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቦታቸውን ግን አንዱንም አይቼው አላውቅም። ስንደርስ ንኪኝ፤ እኔ እጠራለሁ።"